ቀርፋፋዋ መኪና

«እትዬ፣ ለልጄ የስፌት መኪና ልገዛላት አስቤ ነበር፤ የትኛው ይሻላል?» የሚሉኝ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ መልሱን በስልካቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። ስልኩን ወደ እኔ ያዞሩልኛል። ሮዝ ወይም ሐምራዊ ቀለም ያላት፣ በሁለት መዳፍ የምትታቀፍ የፕላስቲክ መኪና ናት። መቀስና በየቀለሙ የተጠቀለለ ክር አብሮ ይመጣል። ልጅቷ ትንሽ፣ መኪናዋ ትንሽ፣ ዋጋውም ትንሽ፤ ሁሉም የተስማማ ይመስላል። እኔ ግን «ይቅርባችሁ» እላለሁ፤ ብዙዎቹም ቅር ይላቸዋል።

ልጅ የሚያስፈልጋት ቀርፋፋ መኪና ናት። ትንሽነቷ ምንም አይጠቅማትም። ቀርፋፋ የምለው አንድ ስፌት ስፊ ስትባል አንድ ብቻ ሰፍታ የምትቆመውን፣ ልጅቷ ደንግጣ እጇን ስታነሳ መርፌዋም ባለችበት ቀጥ የምትለውን ነው። የፕላስቲኳ መኪና ይህን አታውቅም። በአራት ባትሪ ድንጋይ ወይም ስድስት ቮልት በሚሰጥ አዳፕተር ትሠራለች። መርገጫ ቢኖራትም አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው፤ ቀስ አድርገው ቢረግጡትም ጠበቅ አድርገው ቢረግጡትም ፍጥነቱ ያው ነው። ገና ቀጥ ያለ መስመር መያዝ ያልቻለች ልጅ ጨርቁ ከእጇ እየተነጠቀ ሲሄድ ታያለች። ደግሞ ቀላል ስለሆነች ጠረጴዛው ላይ ትንቀሳቀሳለች። ጨርቁን ከሥር የሚገፋው ጥርስ አቅም ስለሌለው ልጅቷ ትጎትተዋለች፤ ስትጎትተው መርፌው ይጣመማል፤ የተጣመመው መርፌ ብረቱን ይነካና ይሰበራል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ልጅ «መኪናዋ አትረባም» አትልም። «እጄ አይሆንም» ነው የምትለው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ ገንዘቡስ ይሁን።

መጫወቻ መኪና ሁሉ አይረባም ማለቴ አይደለም። የሲንገር ኩባንያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሞዴል 20 የምትባል ከብረት የተሠራች የልጆች መኪና አውጥቶ ነበር። በእጅ ትዞራለች፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተጠብቃ ትታሰራለች፣ ከሥር ክር የሚይዝ ቦቢን የላትም። በአንድ ክር ብቻ የሰንሰለት ስፌት ትሰፋለች። የሰንሰለት ስፌት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢኖር የዱቄት ማዳበሪያ ከፍቶ የማያውቅ ብቻ ነው። የማዳበሪያውን አፍ የዘጋው ክር በትክክለኛው ጫፍ ከተያዘ አንዴ ሲስቡት ጥርርር ብሎ እስከ መጨረሻው ይፈታል፤ በተሳሳተው ጫፍ ከሳቡት ደግሞ ይጠብቅና ቢላዋ ፍለጋ ይኬዳል። ዛሬ ከሚሸጡት ርካሽ መኪናዎች፣ በተለይ በአንድ እጅ ተይዘው ከሚሰፉት፣ ብዙዎቹ የሚሰፉት ይህንኑ ነው። ለማዳበሪያ ጥሩ ነው፤ ይፈታ ተብሎ የተሰፋ ነውና። ልጅ ለአሻንጉሊቷ የሰፋችው ቀሚስ ግን አንድ ጫፍ ሲያዝ እንዲያ መፈታት የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ መኪናዋ በሁለት ክር ነው የምትሰፋው? ከላይ በመርፌ፣ ከታች በቦቢን? ሻጩ መልሱን ካላወቀ ከሥር ያለውን ክዳን ከፍቶ ያሳያችሁ።

ከስድስት ሰባት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ከሁሉም የምመርጠው በእጅ የምትዞረውን የብረት መኪና ነው። በአብዛኞቹ የእጅ መኪናዎች ማዞሪያው አንድ ዙር ሲዞር መርፌዋ ሦስት ጊዜ ትወጋለች። ልጅቷ ማዞሪያውን ትንሽ ገፋ ስታደርገው መርፌው ሲወርድ፣ ከታች ያለው ክብ ብረት ክሩን ሲይዝ፣ የላይኛው ዘንግ ክሩን ወደ ላይ ሲስብ ሁሉን በዓይኗ ትከተላለች። ስፌት እንዴት እንደሚታሰር የገባቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በእጅ መኪና የጀመሩ ናቸው። ኤሌክትሪኳ ሁሉን ነገር ዓይን ሳይደርስበት ጨርሳ ትጠብቃለች።

«አንድ እጇ ማዞሪያው ላይ ከሆነ ጨርቁን በአንድ እጅ ብቻ እንዴት ትመራዋለች?» ይሉኛል። ለልጅ ይሄ ጥበቃ ነው። ማዞሪያውን የያዘው ቀኝ እጅ ከመርፌው ርቋል፤ የሚቀረው ግራ እጅ ብቻ ነው፤ እሱንም ከመኪናዋ እግር ሁለት ጣት ርቆ እንዲቀመጥ ማስተማር አያስቸግርም። በነገራችን ላይ ግራኝ ልጆች እዚህ ላይ ይቀናቸዋል፤ ማዞሪያው በቀኝ ስለሆነ ጨርቁን የሚመራው ጎበዙ እጃቸው ነው።

የእጅ መኪና ከየት ይመጣል? አዲስ ከሱቅ ከመጠየቅ በፊት በቤተሰቡ ውስጥ ጠይቁ። ስንት ቤት አለ፣ ሳሎን ጥግ ላይ የዳንቴል ጨርቅ ለብሳ፣ ላይዋ ላይ የአበባ ማስቀመጫ የተጫነባት ጥቁር ባለመርገጫ መኪና ያለችበት! የአያት ናት፤ ማንም አይነካትም፤ ማንም አይሸጣትም። ያቺ መኪና ከጠረጴዛዋ በቀላሉ ትለያለች። ወደ ኋላ ስትገለበጥ ጀርባዋ ላይ ሁለት ማጠፊያዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ብሎን ተይዘዋል። ብሎኖቹ በካቻቢቴ ሲላሉና ቺንጋው ሲወልቅ አናቷ ተነቅሎ ይወጣል። ከዚያ አናጺ መቀመጫ የሚሆን የእንጨት ሳጥን ይሠራላታል። የእጅ ማዞሪያውን ከመግዛት በፊት ግን ሁለት ነገር ይታይ። በቀኝ በኩል ያለው መዘውር መሐሉ ክፍት፣ ዘንግ ዘንግ ያለው መሆን አለበት፤ የማዞሪያው ጣት የሚገባው በዘንጎቹ መካከል ነው። ድፍን መዘውር ከሆነ ጣቱ የሚይዘው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ከመዘውሩ ሥር በመኪናዋ ቋሚ ላይ ለሞተር ማሰሪያ የተተወ ባለቀዳዳ እብጠት ይፈለግ፤ ማዞሪያው የሚታሰረው እዚያ ነው። በጣም አሮጌዎቹ ላይ ይህ እብጠት ላይኖር ይችላል።

አሮጌ መኪና ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። አንዳንዷ ከሥር ስትከፈት ክብ ቦቢን የላትም፤ የጥይት ቅርጽ ያለው ቤት ውስጥ የሚገባ ረጅም ቀጭን ቦቢን ነው ያላት። ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ከሸማኔ መወርወሪያ ጋር ሥራው አንድ ነው። ውብ መኪና ናት፣ ድምጿም ደስ ይላል፤ ግን ቦቢኗን ገበያ ላይ ማግኘት ፈተና ነው። ልጅ ደግሞ ቦቢን ትጥላለች። ስለዚህ ክብ ቦቢን ያላትን ምረጡ። ከነሱም መካከል ሲንገር 15 የምትባለው ትሻላለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች፣ ቀጥሎ ቻይኖች በብዛት የቀዱት እሷን ነው፤ ቢራቢሮ የምትባለው የሻንጋይ መኪናም የዚያው ቤተሰብ ናት። በዚህ ምክንያት የአንዷ ቦቢንና መርፌ ለሌላዋ ይሆናል። የሲንገር 66 ቦቢን ግን ጎኑ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከ15ቷ ጋር አታለዋውጡት። የ66ቷ ታናሽ የሆነችው 99 ሦስት አራተኛ መጠን ስላላት ለልጅ ጠረጴዛ ትመቻለች፤ ካገኛችኋት አታልፏት። በስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ታላቁ የሲንገር ፋብሪካ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ እዚያ የተሠሩት አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ግን ዛሬም ከየሱቁ በሚገዛው ተራ የቤት መርፌ ይሰፋሉ።

መርፌ ካነሳን አይቀር፣ መርካቶ ላይ የቤት መኪናና የጁኪ (የፋብሪካ መኪና) መርፌ ጎን ለጎን ይሸጣል። ወፍራሙ ጫፉ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ የሆነው የቤት መኪና ነው፤ ዙሪያውን ክብ የሆነው የጁኪ ነው። ልጅም ትልቅም የሚሳሳተው ደግሞ መርፌውን ሲያስገባ ነው። የመርፌን ጎን በጥፍር ሲዳስሱት በአንድ በኩል ረጅም ቦይ አለው። ክር የሚገባው ሁልጊዜ ከቦዩ በኩል ነው፤ ጠፍጣፋው ጎን ደግሞ ክሩን ወደሚይዘው ብረት ይዞራል። መርፌ ተገልብጦ ከገባ መኪናዋ የቱንም ያህል ደህና ብትሆን ስፌት ትዘላለች። «ተበላሸች» ተብለው ወደ እኔ ከሚመጡት ስንቶቹ በዚህ ብቻ እንደዳኑ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለመርገጫዋስ? እኔ ራሴ የምወዳት እሷን ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን አልመክርም። ልጅቷ ወንበር ላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ እግሯ መርገጫው ላይ አይደርስም፤ እግሯ እንዲደርስ ዝቅ ስትል ደግሞ ዓይኗ ከመርፌው ትይዩ ይሆናል። ሁለተኛው ችግር መርገጫው ወደ ኋላም መሄዱ ነው። መዘውሩ ሁልጊዜ ወደ ሰፊዋ መዞር አለበት፤ ለጥቂት ዙር ወደ ኋላ ከሄደ ክሩ ከሥር ይተበተባል ወይም ይበጠሳል። እግርን ወደፊት ብቻ ማስለመድ ትልቅ ሰውንም ያስቸግራል። ልጅቷ ስታድግ፣ ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት ሲያልፍ፣ አናቱ ወደ ጠረጴዛው ይመለስላታል፤ ያኔ መጀመሪያ ያለ ክርና ያለ ጨርቅ መርገጥ ብቻ ትለማመዳለች።

ኤሌክትሪክ ሊገዛ ከተወሰነ የምለው አንድ ነገር ነው። ፍጥነት የሚወስን ቁልፍ ያላትን ምረጡ፤ ቁልፉ ዝቅ ከተደረገ ልጅቷ መርገጫውን እስከ ታች ብትጫነውም መኪናዋ አትሮጥም። መርገጫው መሬት ላይ ከሆነና እግሯ ከተንጠለጠለ ጠንካራ ሳጥን ላይ ይቀመጥ። መርፌ ሲቀየርና ክር ሲገባ ሶኬቱ ይነቀል።

ከውጭ የሚላክ መኪናም አለ። አሜሪካ ያለች አክስት ለእህቷ ልጅ በሻንጣ ታመጣለች፤ ደግ ሐሳብ ነው። የአሜሪካ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ110 ወይም 120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል። ቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ወይም መርገጫው ይቃጠላል፤ ሽታው ከቤት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል። ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር አብሮ ካልተገዛ መኪናዋ ጌጥ ናት። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣች ከሆነች ችግሩ አይገጥምም፤ የሶኬቱ ጥርስ ብቻ ሊለያይ ይችላል።

ጁኪ ላይ ልጅ አይቀመጥ። በስፌት ቤቶች ሁሉንም የፋብሪካ መኪና ጁኪ እንላለን፤ እነዚህ በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት መስፋት ይችላሉ። የእናቱ ስፌት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ቶሎ ይለምዳል የሚሉ አሉ። ይለምዳል፤ ግን በጣት ውስጥ ያለፈ መርፌ ምን እንደሚመስል በሙያው ውስጥ ያለን ሁላችንም እናውቃለን። አዲሶቹ ሞተሮች ፍጥነታቸው በቁጥር ዝቅ ስለሚል በትልቅ ሰው አጠገብ ሊሞከሩ ይችላሉ፤ ያውም ከአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት አላደርገውም።

ለመግዛት ስትሄዱ ክርና ጨርቅ ከቤታችሁ ያዙ። ሻጭ የሚያሳየው ደረቅ፣ ድርብ ጨርቅ ላይ ነው፤ እሱ ላይ ደካማ መኪናም ቀጥ ብላ ትሰፋለች። እናንተ አቡጀዲ አንድ ድርብ፣ ቀጭን ሻሽ ደግሞ አንድ ድርብ ያዙ። ከላይ ቀይ ክር፣ ከቦቢን ነጭ ክር አድርጉ። ስፌቱ ልክ ከሆነ ከላይ ቀይ ብቻ፣ ከታች ነጭ ብቻ ይታያል፤ ሁለቱ ክሮች የሚቋለፉት በጨርቁ መሐል ስለሆነ። ከታች ቀይ ቀለበት ቀለበት ካወጣ የላይኛው ክር ላልቷል፤ ከላይ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ የላይኛው ከሯል። ሻጩ ማጥበቂያውን ትንሽ አዙሮ ልዩነቱን ያሳያችሁ፤ ዞሮም ስፌቱ ካልተለወጠ ማጥበቂያው አይሠራም ማለት ነው። የመኪናዋ እግር ከፍ ሲል ክሩ እንዲሁ ይሳባል፣ ዝቅ ሲል ይይዛል። ይህን በእጃችሁ ሳቡና ፈትሹት። ከዚያ ክሩን አውጥታችሁ መዘውሩን ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩ፤ በአንድ ቦታ ላይ ከከበደ ወይም ከቆረቆረ ጠይቁ፤ ቆሻሻ ክር ሊሆን ይችላል፣ የተበላ ብረትም ሊሆን ይችላል። መርፌው የሚገባበት ብረት ቀዳዳ ዙሪያውን በጥፍራችሁ ዳስሱ። የተሰበረ መርፌ ጭሮት ከሆነ ያ ጭረት ክር ይበጥሳል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳል።

አንድ ሌላ መመዘኛ አለኝ፤ ብዙ ሰው ይስቅበታል። ቅርባችሁ ያለው ጠጋኝ የሚያውቃትን መኪና ግዙ። በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ የሚረግጠው ቢራቢሮ ከሆነ እናንተም ቢራቢሮ ግዙ። ቅባት የት የት እንደሚደረግ ያሳያችኋል፤ ቦቢን ሲጠፋም ያበድራችኋል። ያም ልብስ ሰፊ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ መሆኑን ልብ በሉ፤ ስለ ሴት ልጃቸው ብቻ የሚጠይቁኝ ወላጆች ወንዱን ልጅ ለምን እንደሚረሱት አይገባኝም። በየመንደሩ ሱሪያችንን የሚያሳጥረው ማን ሆነና?

መኪናዋ ከመምጣቷ በፊት እጅ ይለመድ። በገጠር ሴት ልጅ በወስፌና በአክርማ ሰፌድ ስትጀምር እኩል መውጋትን የምትማረው መኪና ሳታይ ነው። ከተማ ውስጥ ጆንያ ቁራጭ፣ ዓይኑ ሰፊ መርፌና የሱፍ ክር ይበቃል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይችለዋል። መኪና ላይ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ደግሞ ያለ ክር ነው። ከደብተር መስመር ያለው ገጽ ይገነጠላል፣ አሮጌ መርፌ ይገባል (ወረቀት መርፌ ያዶለዱማል)፣ ልጅቷ መስመሩን ተከትላ ትወጋለች። ገጹን ወደ መስኮት ሲይዙት ቀዳዳዎቹ ከመስመሩ የት የት እንደሸሹ በብርሃን ይታያል። እርማት መናገር አያስፈልግም፤ ራሷ አይታ ሌላ ገጽ ትገነጥላለች። ዓይኗ መርፌውን መከተል ትቶ ከመኪናዋ እግር ፊት ያለውን መስመር ማየት ሲጀምር አቡጀዲ፣ 14 ቁጥር መርፌና ክር ይሰጣታል። የመጀመሪያው ሥራ አራት ማዕዘን ይሁን፣ ከረጢት ወይም የትራስ ልብስ። ማዕዘን ላይ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንዳለ አቁሞ፣ እግሩን አንስቶ፣ ጨርቁን ማዞርን በእጅ መኪና የተማረ ልጅ በአንድ ከሰዓት ይይዘዋል።

መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ሁሉ ተገኝቶ ሳይገጣጠም ሥራ አይቀጥልም፤ ይህ በእኔ ቤት ለትልቁም ሕግ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ልጅቷ «ዚግዛግ የላትም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ጥቁሯ መኪና ቀጥታ ብቻ ነው የምትሰፋው። ዚግዛግ የሚያስፈልጋት የሚለጠጥ ጨርቅ መስፋት ስትጀምር ነው፤ ያኔ ኤሌክትሪኳ ትገዛ። ኦቨርሎክ ስትል ግን እምቢ በሉ፤ እየሰፋ ጠርዙን የሚቆርጥ ቢላዋ አለው። የጨርቁ ጠርዝ እየተተረተረ ካስቸገራት በቀጥታ ስፌት ብቻ መዝጋት ትችላለች። ሁለቱን ጨርቆች ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጋ በጠባቡ ትስፋ፣ የተረፈውን ጠርዝ በመቀስ ታሳጥር፣ ከዚያ ገልብጣ ፊት ለፊት ታጋጥምና ትንሽ ሰፋ አድርጋ በድጋሚ ትስፋ። ጥሬው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መሐል ታሽጎ ይቀራል።